«ዘግይተሃል» የተባለው ፒያኒስት

(ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ለወላጆችና ለወጣቶች በተዘጋጀ የቅዳሜ ምሽት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ፊት የተቀመጣችሁ ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ! ሳምንቱን ሙሉ ስትሮጡ ከርማችሁ፣ የቅዳሜ እረፍታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

አዘጋጆቹ «ስለ ሙዚቃ የፈለግሽውን ንገሪን» ነው ያሉኝ። ብዙ አሰብኩበት። ስለ ኖታ እንዳላወራ፣ ልጆቹ ፒያኖ ሳስተምራቸው ኖታ እኔው ጋ ይጠግባሉ። ስለዚህ የአንድ ሰው ታሪክ ይዤ መጣሁ።

ሰውየው ኢግናሲ ያን ፓዴሬቭስኪ ይባላል። ፖላንዳዊ ነው። በዘመኑ ኮንሰርት ሲኖረው ሰው ትኬት ለማግኘት ይጋፋ ነበር። እንዲህ ስሙ የገነነ ፒያኒስት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ከሞተ በኋላ ደግሞ 51 ዓመት የቆየው እዚሁ አጠገባችን፣ አርሊንግተን መቃብር ውስጥ ነው። ከመካከላችሁ ታክሲና ኡበር የምትነዱ፣ በሳምንት ስንቴ በአጠገቡ ታልፋላችሁ?

ሁለት ነገር ነው የምናገረው። አንደኛው፣ ይህ ሰው ፒያኒስት እንዴት ሆነ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ያገኘውን ዝና ምን ሠራበት የሚለው ነው። የመጀመሪያው ይረዝምብኛል፤ እንጀራዬ ስለሆነ ታገሡኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

እሺ፣ ወደ መጀመሪያው።

ፓዴሬቭስኪ የተወለደው በ1860 ኩሪውፍካ በምትባል የገጠር መንደር ነው። መንደሯ ዛሬ ዩክሬን ውስጥ ናት፤ ያን ጊዜ የሩሲያ ግዛት ነበረች። ፖላንድ የምትባል አገር በካርታ ላይ አልነበረችም። ሩሲያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ ለሦስት ተካፍለዋት፣ ከ1795 ጀምሮ ስሟ ጠፍቷል። እስቲ አስቡት፤ ቋንቋ አለህ፣ ዘፈን አለህ፣ አያት ቅድመ አያት አለህ፤ አገርህ የት ነው ስትባል ግን ካርታ ላይ ጣትህን የምታሳርፍበት ቦታ የለህም።

እናቱ እሱን ከወለደች ብዙም ሳትቆይ አረፈች። በ1863 ፖላንዳውያን በሩሲያ ላይ ተነሡ። አመፁ ከሸፈ። አንድ ቀን ኮሳክ የሚባሉት የሩሲያ ፈረሰኛ ወታደሮች መጥተው ቤቱን ከበቡና አባቱን ወሰዱት። ሕፃኑ አንዱን ኮሳክ ጠጋ ብሎ «አባቴን ምን ልታደርጉት ነው?» ይለዋል። መልሱ ጅራፍ ነበር። ይህን ራሱ በትዝታው ላይ ተርኮታል። ሽማግሌ ሆኖም አልረሳውም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ሁለተኛው ነገር ስንደርስ ታስፈልገናለች።

በ12 ዓመቱ ዋርሶ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ። አሁን ልጆች በደንብ ስሙኝ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ጎበዝ ፒያኒስት ተብሎ አያውቅም! መምህራኑ ፒያኖ ላይ ብዙም ተስፋ አልጣሉበትም። በትምህርት ቤቱ ኦርኬስትራ ትሮምቦን ይነፋ ነበር፤ የትሮምቦን መምህሩ ደግሞ ወደፊትህ ፒያኖ ላይ ሳይሆን እዚህ ነው ብሎታል። ከመምህራኑ ጋር ተጋጭቶ የተባረረበትም ጊዜ አለ። እንደምንም በ1878 ጨረሰ፣ እዚያው አስተማሪ ሆነ።

በ1880 አገባ። አንቶኒና ትባላለች። በዚያው ዓመት ወንድ ልጅ ወለደችለትና ከቀናት በኋላ ሞተች። ገና 20 ዓመት አልሞላውም። ልጁ አልፍሬድ ዕድሜውን በሙሉ በሕመም ኖሮ በ1901 ሞተ። ስለዚህ ሐዘን ብዙ አልናገርም። ግን ፎቶግራፉን ስታዩ፣ ያንን ቀይ ጎፈሬ ፀጉርና ያንን ኩራት ስታዩ፣ ከኋላው ይህ እንዳለ እወቁ።

ከዚያ በርሊን ሄደ፤ የሙዚቃ ድርሰት ተማረ። ከቁልፉ ይልቅ እስክሪብቶ ይዞ ነው የሚውለው። ፒያኖ ይጫወታል፣ ግን እንደ ብዙ ሰው ነው የሚጫወተው። በ1884 ዛኮፓኔ በምትባል የተራራ ከተማ ሄሌና ሞድዤየቭስካን አገኘ። ሄሌና በመላ ፖላንድ ስሟ የታወቀ ተዋናይት ናት፤ አሜሪካም ተወዳጅ ነበረች። ሲጫወት ሰማችው። አፏን ሞልታ ማመስገን ብቻ አይደለም ያደረገችው። ክራኮቭ ላይ ኮንሰርት አዘጋጅተው፣ እሷ ግጥም እያነበበች፣ እሱ ፒያኖ እየተጫወተ ገንዘብ ተሰበሰበ። ሕዝቡ የመጣው ለእሷ ነው። ገንዘቡ የሄደው ለእሱ ነው። እንደዚህ ዓይነት ሰው በሕይወታችሁ አጋጥሟችሁ ያውቃል? ስሟን ሰጥታ ሌላውን የምታሳድግ?

በዚያ ገንዘብ ቪየና ሄደ። እዚያ ቴዎዶር ሌሼቲትስኪ የሚባል፣ በአውሮፓ አንደኛ የሚባል የፒያኖ መምህር አለ። እሱም በትውልዱ ፖላንዳዊ ነው። ፓዴሬቭስኪ ተጫወተለት። ሰውየው ሰምቶ ሲጨርስ የነገረው ምንድን ነው? ተሰጥኦ አለህ፣ ግን ዘግይተሃል! ጣቶችህ ሥርዓት አልተማሩም፤ ታላቅ ፒያኒስት ልትሆን አትችልም አለው። ዕድሜው 24 ነበር። በዚያ ዕድሜ ሌሎቹ አገር ለአገር እየዞሩ ኮንሰርት ይሰጣሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣና ልመለስ።

ወላጆች ስልክ ሲደውሉልኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ ዋጋ አይደለም። «መምህርት፣ ልጄ 14 ሞልቷታል፣ አልዘገየችም ወይ?» ነው የሚሉኝ። ልጅቷ አጠገባቸው ቆማ ትሰማለች። እኔ ፒያኖ የነካሁት አዲስ አበባ ነው፤ ያውም በ15 ዓመቴ። አንድ አስተማሪ እጄን ያዝ አድርጎ፣ ጣቶቼን ወደ ኋላ ሳብ ሳብ አደረጋቸውና «ይሄ እጅ ደርቋል» አለኝ። በቃ። ሌላ ነገር አልተናገረም። ወደ ቤት ስሄድ መንገዱን ሙሉ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነበር። እናቴ እንዴት ነበር ስትለኝ «ጥሩ ነው» አልኳት። ለወራት ፒያኖ አጠገብ አልደረስኩም።

የመለሰችኝ ሌላ መምህርት ናት። ፒያኖዋ አሮጌ ነው፤ የአንዳንዱ ቁልፍ ልባጥ ተነሥቶ እንጨቱ ይታያል፣ ፔዳሉ በሽቦ ታስሯል። ስለ ዕድሜዬ ምንም አልጠየቀችኝም። «ግራ እጅሽን ብቻ አምጪ፣ ቀስ በይ» አለችኝ። ያን ቀን ሰዓቱን ሙሉ ግራ እጄን ብቻ ተጫወትን። እናቶች፣ አባቶች፣ እባካችሁ፣ ልጅ በሚሰማበት «ዘግይቷል» አትበሉ። እለምናችኋለሁ።

ወደ ቪየና ልመለስ። ሌሼቲትስኪ ዘግይተሃል ይበል እንጂ አላባረረውም። ወደ መጀመሪያው መለሰው። 24 ዓመት የሞላውን፣ የዋርሶውን አስተማሪ፣ ሕፃን ልጅ በሚጀምርበት በቼርኒ የጣት ልምምድ አስጀመረው። አምስት ኖታ። አራቱን ቁልፎች ተጭነህ ትይዛለህ፤ አንዱን ጣት ብቻ እያነሣህ ትመታለህ። ከማለዳ እስከ ማታ።

ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አሁኑኑ ላሳያችሁ። ሁላችሁም ቀኝ እጃችሁን ጠረጴዛው ላይ አድርጉ። አዎ፣ እናንተም አባቶች! የመሃል ጣታችሁን ወደ ውስጥ እጠፉት። የቀሩት አራቱ ጣቶች ጠረጴዛውን ይንኩ። አሁን አውራ ጣታችሁን አንሡ። ይነሣል። ትንሿን ጣት አንሡ። ትነሣለች። አሁን የቀለበት ጣታችሁን አንሡ። … እንቢ አለ አይደል? ጉልበት አንሷችሁ አይደለም። የቀለበት ጣት ጅማት ከጎረቤቶቹ ጅማት ጋር የተያያዘ ነው። እኛ ፒያኖ ተጫዋቾች አራተኛ ጣት እንለዋለን፤ ከአውራ ጣት ስለምንቆጥር። የእያንዳንዱ ፒያኒስት ራስ ምታት ይህ ጣት ነው። ይህንን ጣት በ24 ዓመት እንደገና ማሠልጠን ማለት ምን እንደሆነ አሁን እጃችሁ ነግሯችኋል።

መጋቢት 1888 ፓሪስ ላይ በኤራር አዳራሽ ተጫወተ። አዳራሹ አበደ። ወዲያው ሌላ ኮንሰርት ስጠን አሉት። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ለሁለተኛ ኮንሰርት የሚሆን ሙዚቃ አልነበረውም! ጠንቅቆ ያዘጋጀው የአንድ ምሽት ብቻ ነበር። ተዘግቶ ሌት ተቀን አጥንቶ ሁለተኛውን ሰጠ። በ1890 ለንደን ሄደ። በ1891 ኅዳር ላይ ኒውዮርክ ገባ፤ ካርኔጊ አዳራሽ ከተከፈተ ገና ዓመት አልሞላውም። የስታይንዌይ ኩባንያ ነው ያስመጣው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከኦርኬስትራ ጋር ስድስት ኮንቼርቶ መጫወት ነበረበት። ስለዚህ ቀን ከኦርኬስትራው ጋር ይለማመዳል፤ ሌሊት በስታይንዌይ የፒያኖ መጋዘን ውስጥ ብቻውን ይለማመዳል።

በዚያ ጉዞ ከ100 በላይ ኮንሰርት ሰጠ። የፒያኖዎቹ ቁልፍ ለእሱ ጣት ይከብደው ነበር። አቅልሉልኝ ብሎ አቀለሉለት። ከዚያ ሮቸስተር ሲደርስ፣ ሠራተኛ ፒያኖውን መልሶ እንደ ቀድሞው አክብዶት ኖሯል። እሱ አላወቀም። መድረክ ወጣ፣ ተቀመጠ፣ የመጀመሪያዎቹን አኮርዶች መታ። አንድ ነገር እጁ ውስጥ ሲበጠስ ተሰማው። የትኛው ጣት ይመስላችኋል? የቀኝ እጁ አራተኛ ጣት!

ሐኪሞች ዕረፍ አሉት። ውል አለብኝ አለ። ጣት ቀይሮ፣ በአራት ጣት መጫወት ተማረ። ልጆች፣ አስቡት እስቲ፤ ለአምስት ጣት ያጠናችሁትን ሙዚቃ በሙሉ ሌሊቱን ለአራት ጣት አድርጋችሁ መልሳችሁ ስታጠኑ። ጣቱን በማሳጅና በኤሌክትሪክ እያሳከመ ጉዞውን ጨረሰ። ይህንን ስነግራችሁ ታማችሁም ቢሆን ተለማመዱ ማለቴ አይደለም። እጁን ያመመው ተማሪ እኔ ጋ ያርፋል። እሱም ለብዙ ጊዜ ዋጋውን ከፍሏል። የምነግራችሁ ሰውየው ምን ዓይነት ልብ እንደነበረው እንድታውቁ ነው።

ከእናንተ ግማሹ የተጫወታችሁት አንድ የእሱ ሥራ አለ። ሚኒዌት በጂ። ሚኒዌት የድሮ የአውሮፓ ጭፈራ ሙዚቃ ነው። ይህች ሙዚቃ እንዴት እንደመጣች ታውቃላችሁ? ዋርሶ ውስጥ ሃውቢንስኪ የሚባሉ አንድ የታወቁ ሽማግሌ ሐኪም ነበሩ። ሞዛርት ይወዳሉ። ፓዴሬቭስኪ ቤታቸው በሄደ ቁጥር ሞዛርት ተጫወትልን ይሉታል። አንድ ምሽት እዚያው ፒያኖው ላይ በሞዛርት መንገድ አንድ ሚኒዌት ከራሱ ፈጥሮ ተጫወተላቸው። ሽማግሌው ተደሰቱ፤ ሞዛርት እንጂ ማን እንዲህ ያለ ይሠራል አሉ። «የእኔ ነው» ሲላቸው ማመን አቃታቸው። ያቺ የጨዋታ ሙዚቃ ከትልልቆቹ ሥራዎቹ ሁሉ በልጣ ዓለምን ዞረች። ኦፔራ ጽፏል፣ «ማንሩ» ይባላል፣ በ1902 ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ላይ ታይቷል። ሲምፎኒ ጽፏል። እሱ የሚኮራው በእነዚያ ነው። ሰው የሚያፏጨው ግን ሚኒዌቷን ነው።

አጨዋወቱን ልስማ ለሚል፣ ከ1911 ጀምሮ የተቀዳ አለ። የእኔን ሐሳብ ልናገር። ጣቱ ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም። ግራ እጁ ከቀኝ እጁ ቀድሞ ይገባል፤ ያኔ እንዲያ መጫወት የተለመደ ነበር፣ እሱ ደግሞ አብዝቶታል። ዛሬ ተማሪዬ እንደዚያ ቢጫወት አስቆመዋለሁ። ግን የፖላንዳዊውን የሙዚቃ ደራሲ የሾፓንን ኖክተርን፣ ያንን ጸጥ ያለ የሌሊት ሙዚቃ ሲጫወት ዜማው ትንፋሽ አለው። እንደ ሰው ይናገራል። ስሰማው ስህተቱን መቁጠር እተዋለሁ። ከእሱ በጣት የሚበልጡ ብዙዎች ነበሩ። እንደ እሱ ሰው የሚሰማቸው ግን አልነበሩም።

አንድ ነገር ጣል ላድርግና ወደ ሁለተኛው እሄዳለሁ። የፖላንድ ሙዚቃ ከእኛ የራቀ አይምሰላችሁ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ነፍሳቸውን ይማርና በ2023 ኢየሩሳሌም ላይ ነው ያረፉት። በወጣትነታቸው ካይሮ ሲማሩ መምህራቸው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች የሚባል ፖላንዳዊ የቫዮሊን ሰው ነበር። በኋላ አዲስ አበባም መጥቶ በክብር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል አስተምሯል። ያ ሁላችንንም የሚያስለቅሰን የእማሆይ ፒያኖ ከበስተጀርባው አንድ ፖላንዳዊ መምህር አለው።

አሁን ሁለተኛው ነገር። ያገኘውን ዝና ምን ሠራበት?

ገንዘቡ በጣም ብዙ ነበር። ስዊዘርላንድ ውስጥ ሐይቅ ዳር ቪላ ነበረው፤ ካሊፎርኒያ ፓሶ ሮብልስ ላይ ርስት ገዝቶ ወይን ተክሏል። አሜሪካን የሚዞረው ፒያኖ በተጫነበት የራሱ የባቡር ፉርጎ ነው። ግን ያ ጅራፍ የቀመሰ ሕፃን ውስጡ አለ። በ1910 ፖላንዳውያን ግሩንቫልድ ላይ የጀርመን ባላባት ፈረሰኞችን ያሸነፉበት 500ኛ ዓመት ነበር። በራሱ ገንዘብ ትልቅ ሐውልት አሠርቶ ለክራኮቭ ከተማ ሰጠ። አገር የለም፣ ሐውልት ግን ቆመ! ናዚዎች በ1939 አፈረሱት። ፖላንዳውያን በ1976 መልሰው አቆሙት።

በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። የፖላንድ ምድር የሩሲያ፣ የጀርመንና የኦስትሪያ ጦር ሜዳ ሆነች። ሕዝቡ ተራበ። በ1915 መጀመሪያ ስዊዘርላንድ ቨቬ ላይ ከደራሲው ሄንሪክ ሼንኬቪች ጋር የእርዳታ ኮሚቴ አቋቋመ። ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻገረ።

እዚህ አሜሪካ ያደረገውን ልብ በሉ። ከ300 በላይ ንግግር አድርጓል። ሰዉ የሚመጣው ፒያኖ ሊሰማ ነው። እሱ መድረክ ላይ ይወጣል፣ ፒያኖው ጋ አይቀመጥም። ቆሞ ስለ ፖላንድ ይናገራል። አገራችን እንዲህ ሆናለች፣ ልጆች እንዲህ እየሞቱ ነው ይላል። ከዚያ ይቀመጥና ሾፓንን ይጫወታል። ስለ ፖላንድ ሰምቶ የማያውቅ የቺካጎ ነጋዴ፣ የካንሳስ ገበሬ ሚስት፣ ትኬት የቆረጡት ለሙዚቃ ነው። ወደ ቤታቸው ሲሄዱ አንድ ካርታ ላይ የሌለ አገር ስም ይዘው ነው የሚሄዱት።

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እዚህ ካለነው ውስጥ ነርስ አለ፣ ሹፌር አለ፣ የሬስቶራንት ባለቤት አለ፣ መሐንዲስ አለ። ሰው ሥራችሁን አይቶ አምኗችኋል። «ከየት ነሽ?» ብለው ሲጠይቋችሁ ምን ትሏቸዋላችሁ? በአንዲት ቃል መልሳችሁ ታልፋላችሁ ወይስ ቁጭ ብላችሁ ታወሯቸዋላችሁ? ይህን የምጠይቀው ከልቤ ነው።

ከፕሬዚዳንት ዉድሮ ዊልሰን የቅርብ አማካሪ ከኮሎኔል ሃውስ ጋር ወዳጅ ሆነ። በጥር 1917 ሃውስ ስለ ፖላንድ ጉዳይ በጽሑፍ አቅርብልኝ ሲለው ኮንሰርት ደርሶበት ነበር፤ ቢሆንም በጥቂት ቀናት ውስጥ ጽፎ ሰጠ። በዚያው ወር ዊልሰን በምክር ቤቱ ፊት ስለ አንዲት፣ ነፃና ራሷን የቻለች ፖላንድ ተናገረ። በጥር 1918 ደግሞ ዊልሰን ባወጣው የ14 ነጥብ የሰላም ሐሳብ ውስጥ 13ኛው ስለ ፖላንድ ነፃነት ነው። ፓዴሬቭስኪ ብቻውን አመጣው አልልም። ብዙ ሰው ደክሟል፣ ብዙ ሰው ሞቷል። ፖላንድን አሜሪካኖች ደጅ ያደረሳት ግን እሱ ነው። በዚህ ላይ አሜሪካ ያሉት ፖላንዳውያን ወደ ጦርነቱ እንዲዘምቱ ጠርቶ ከ20 ሺህ በላይ ፈቃደኛ ተነሣ።

በታኅሣሥ 1918 በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተጭኖ አገሩ ገባ። በ26ኛው ቀን ፖዝናን ደረሰ፤ ከተማዋ ገና በጀርመን እጅ ነበረች። ሕዝቡ ችቦ ይዞ ወጥቶ ተቀበለው። ከሆቴል ባዛር ተናገረ። በማግስቱ ከተማው ውስጥ ጥይት ተተኮሰ፤ የታላቋ ፖላንድ አመፅ የሚባለው የጀመረው በዚያን ቀን ነው። ያም አመፅ እንደ 1863ቱ አልከሸፈም!

በጥር 1919 ጠቅላይ ሚኒስትርና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። ሰኔ 28 ቀን 1919 ከጀርመን ጋር የነበረውን ጦርነት የዘጋውን የቬርሳይን ውል በፖላንድ ስም ፈረመ። የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ክሌማንሶ «አንተ ያ ታላቅ ፒያኒስት አይደለህም? ጠቅላይ ሚኒስትር? ምን ያህል ወረድክ!» ብሎ ቀልዶበታል እየተባለ ይነገራል። ከ123 ዓመት በኋላ ፖላንድ ካርታ ላይ ተመለሰች። ከፈረሙላት አንዱ ደግሞ ፒያኖ ተጫዋች ነው።

ሁሉም ተሳካለት ብዬ አልሸነግላችሁም። መንግሥት መምራት ሌላ ሙያ ነው። በርሃብ የተመታ፣ ሦስት ዓይነት ሕግ፣ ሦስት ዓይነት ገንዘብ የነበረው አገር ነው የተረከበው። እህሉ እንኳ በኸርበርት ሁቨር መሪነት ከአሜሪካ ነበር የሚመጣው። ድንበሩ ላይ የፈረመውን ብዙዎች ተቃወሙት። በ1919 መጨረሻ ሥልጣኑን ለቀቀ። ዓመት አልሞላውም። በበኩሌ ያለ ሁከት መልቀቁን አከብርለታለሁ።

ከዚያ ምን አደረገ? ገንዘቡ በአገር ጉዳይ አልቋል። ለዓመታት በሕዝብ ፊት አልተጫወተም። ዕድሜው 62 ነው። ኅዳር 1922 ካርኔጊ አዳራሽ ወጥቶ ፒያኖው ጋ ተቀመጠ። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ብድግ አለለት። እንደገና ሀብት ሠራ፣ እንደገና ሰጠ። በ1932፣ በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ፣ ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ላይ ሥራ ላጡ ሙዚቀኞች ተጫወተላቸው። በ1939 እዚያው አዳራሽ ሊጫወት ሲል ደከመ፤ ኮንሰርቱ ቀረ። በዚያው ዓመት ሂትለር ፖላንድን ወረረ።

በ80 ዓመቱ እንደገና ወደ አሜሪካ መጣ። እንደገና ስለ አገሩ ሲናገር፣ በሳንባ ምች ሰኔ 29 ቀን 1941 ኒውዮርክ ውስጥ ሞተ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ፖላንድ ነፃ እስክትወጣ እዚህ ይረፍ አሉ። አርሊንግተን ውስጥ፣ ሜይን የምትባለው የሰመጠች መርከብ ምሰሶ በቆመበት መታሰቢያ ሥር አስቀመጡት። አደራ ነበር። ጦርነቱ አለቀ፣ ፖላንድ ግን ከናዚዎች እጅ ወጥታ በሶቪየቶች እጅ ገባች። አደራው ቆየ። በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ መጥተው የመታሰቢያ ጽሑፉን መረቁ። ወደ አገሩ የሚመለስበት ቀን ግን ገና አልደረሰም ነበር። በ1992 ኮሙኒዝም ከወደቀ በኋላ አስከሬኑ ተነሥቶ ዋርሶ ገባ፤ ቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል ተቀበረ። ፕሬዚዳንት ቡሽ፣ ትልቁ ቡሽ ማለቴ ነው፣ እዚያ ተገኝተዋል።

ልቡ ግን እዚህ ቀርቷል። በቃል አይደለም፤ ሥጋዊ ልቡን ነው የምላችሁ። ፔንስልቬንያ፣ ዶይልስታውን ውስጥ በቼንስቶሆቫ እመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ተቀምጧል። ከዚህ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሆንም። በበጋው ልጆቹን ይዤ ለመሄድ አስቤያለሁ፤ መሄድ የሚፈልግ ወላጅ በሩ አጠገብ ባለው ወረቀት ላይ ስሙን ይጻፍልኝ። መኪና ያላችሁ ብትተባበሩን ደስ ይለኛል።

የሚኒዌቷንም ኖታ አባዝቼ አምጥቻለሁ። ጀማሪዎች የሚችሉት ቀለል ያለውም አለ። አዋቂዎችም ውሰዱ፤ ሰኞ ማታ ለአዋቂዎች ክፍል ከፍተናል፣ ዕድሜ አንጠይቅም። አሁን ቡና ቀርቧል፣ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ። ስላዳመጣችሁኝ በጣም አመሰግናለሁ።